የቴርቩረኑ የአፍሪካ ሙዚየምና መሐላ የተቸነከረባቸው የኮንጎ ምስሎች

ከብራስልስ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በቴርቩረን ከተማ ያለው፣ በሙሉ ስሙ የመካከለኛው አፍሪካ ንጉሣዊ ሙዚየም የሚባለው ተቋም፣ የኮንጎ ወንዝ ተፋሰስ ሕዝቦች የቀረጿቸውን የእንጨት ምስሎች በብዛትም በጥራትም ለማየት ለሚሻ ሰው በአውሮፓ ካሉት ቦታዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው ሕንፃው በማን ትእዛዝ፣ ከየት በመጣ ሀብት እንደተሠራ ዘንግቼ አይደለም። እንዲያውም ምስሎቹንና ያሉበትን ቤት ነጣጥሎ መመዘን ስለማይቻል ሁለቱንም አንድ ላይ አያለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ እነዚህ ምስሎች ቆመው እንዲታዩ ተብለው አለመቀረጻቸው ነው። ሥራ ነበራቸው። በሽታ እንዲከላከሉ፣ ውል እንዲያጸኑ፣ ሌባ እንዲያሳድዱ፣ ለመካን ልጅ እንዲያሰጡ፣ የሞቱ አባቶችን ከሕያዋን ጋር እንዲያገናኙ ይጠበቅባቸው ነበር። ቀራጩ ጨርሶ ያስረከበው እንጨት ገና ባዶ ዕቃ ነው፤ ኃይል የሚያገኘው አዋቂው መድኃኒቱን ሲያኖርበት፣ ከዚያም ሰዎች ጉዳያቸውን ይዘው እየመጡ ሲገለገሉበት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሙዚየም ስመዝን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ምስሉ ይሠራው የነበረውን ሥራ ያሳየኛል ወይ፣ ከባለቤቱስ እጅ እንዴት እንደወጣ ይነግረኛል ወይ።

በዚህ ስብስብ ውስጥ ጎብኚን ቀድመው የሚይዙት፣ በኮንጎ ወንዝ አፍ አካባቢ፣ ዛሬ በዴሞክራሲያዊት ሪፐብሊክ ኮንጎ፣ በኮንጎ ሪፐብሊክና በአንጎላ ተከፋፍሎ የሚኖረው የኮንጎ ሕዝብ የሠራቸው ንኪሲ የሚባሉት ምስሎች ናቸው። ከእነርሱም መካከል ንኮንዲ የሚባለው ዓይነት በደረቱና በትከሻው፣ በሆዱና በጀርባው ሚስማርና ስለታም ብረት የተቸነከረበት በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይረሳውም። ሚስዮናውያን ጣዖት ናቸው ብለው ብዙዎቹን አቃጥለዋል፤ ብዙ አውሮፓውያንም ሚስማሩን ጠላትን ለመጉዳት የሚደረግ መተት አድርገው ቆጠሩት። ነገሩ ግን ከመተት ይልቅ ወደ ፍርድና ወደ ውል የሚያደላ ነው።

ሁለት ሰዎች በብድር ወይም በስርቆት ሲካሰሱ፣ ወይም ሁለት መንደሮች ዕርቅ ሲያወርዱ፣ ንጋንጋ በሚባለው አዋቂ ፊት ቀርበው በምስሉ ይምላሉ። መሐላው እንዲጸና ሚስማር ወይም ስለት በምስሉ አካል ላይ ይመታል፤ ከመመታቱ በፊት ባለጉዳዮቹ ብረቱን በምላሳቸው ይነኩት፣ ወይም ቁራጭ ጨርቅ ያስሩበት ነበር፤ ይህም ምስሉ ማን እንደማለ እንዲያውቅ ነው። ቃሉን ያፈረሰውን ሰው በምስሉ ውስጥ ያለው ኃይል በበሽታ ወይም በሞት ያሳድደዋል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ በአንድ ንኮንዲ ላይ የተመታው ብረት ሁሉ የአንድ ጉዳይ ማስረጃ ነው፤ ምስሉም እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የመንደሩን ክርክርና ዕርቅ ተሸክሞ ይኖራል። የቅኝ ገዥዎች ሹማምንት እነዚህን ምስሎች አጥብቀው የጠሉበትም አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ምስሉ ባለበት መንደር ሕዝቡ ቀድሞውኑ ዳኛ ነበረው።

ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ብረቶቹ አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን ያስተውላል። አንዱ በአገሬው አንጥረኛ የተቀጠቀጠ ጠፍጣፋ ስለት ነው፤ ሌላው በመርከብ የመጣ የፋብሪካ ሚስማር ነው፤ በአንዳንዱ አንገት ላይ ክር ወይም ቋጠሮ ታስሯል። ብረቱ ደረትና ትከሻን ሲያለብስ ፊቱ ብዙውን ጊዜ ሳይነካ ይቀራል፤ ዓይኖቹ በነጭ ሸክላ ወይም በመስታወት ተሠርተው ከጠቆረው እንጨት ላይ ያፈጣሉ፤ አፉም ሊናገር እንደተዘጋጀ ገርበብ ያለ ነው። አንዳንዱ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ጦር ወይም ቢላዋ ይይዝ ነበር፤ ሌላው ሁለት እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይቆማል። ሆዱ ላይ ደግሞ ሣጥን መሰል ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ በዛጎል ወይም በመስታወት ይከደናል፤ ቢሎንጎ የሚባለው መድኃኒት የሚኖረው እዚያ ነው። ነጭ ሸክላ፣ የመቃብር አፈር፣ ዘርና የእንስሳ አካል በሙጫ ተለውሶ ይገባበታል። የመቃብሩን አፈር ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሚሠራው እንጨቱ ሳይሆን ከሙታን የመጣው ኃይል ነው፤ ለእንጨቱ የሚሰግድ ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ጎብኚው አንድ ነገር ልብ እንዲል እመክራለሁ። በዓለም ሙዚየሞች ካሉት ከእነዚህ ምስሎች ብዙዎቹ ሆዳቸው ባዶ ነው። በ2015 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ማንጋካ ከሚባለው ግዙፍ ዓይነት 15 ምስሎችን ከየአገሩ አሰባስቦ ባሳየ ጊዜ፣ ከአብዛኞቹ ላይ መድኃኒቱ ሆን ተብሎ መውጣቱ ተገልጿል፤ አዋቂዎቹ ምስሉ በባዕድ እጅ ከመግባቱ በፊት ኃይሉን ወስደው እንጨቱን ብቻ አስረክበዋል ማለት ነው። ስለዚህ ሆዱ የተከፈተ ምስል ስታዩ በአያያዝ ጉድለት የተጎዳ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ባለቤቱ የመጨረሻውን ውሳኔ የወሰነበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

ከኮንጎ ወንዝ አፍ ርቆ ወደ ምሥራቅ፣ በሎማሚ ወንዝ አካባቢ የሚኖረው የሶንግዬ ሕዝብ ምስሎች በሌላ መንገድ ያስደንቃሉ። ትልልቆቹ የመላው መንደር ጠባቂዎች ናቸው፤ የአንድ ቤተሰብ የሆኑት ትንንሽ ናቸው። ትልቁ ምስል ፊቱ ላይ የመዳብ ወይም የብረት ቁራጭ ተለጥፎበት፣ አናቱ ላይ ቀንድ ተተክሎለት፣ ወገቡ ላይ የዘንባባ ጭረት ወይም ቆዳ ታጥቆ፣ አንገቱ ላይ ዶቃ ደርቦ ይቆማል። ኃይሉ ስለሚፈራ በእጅ አይነካም ነበር፤ ከቦታ ወደ ቦታ ሲወሰድ ክንዶቹ ላይ በሚታሰር እንጨት ተይዞ ነው። ይህን ያወቀ ጎብኚ በክንዱና በወገቡ መካከል ያለውን ክፍተት በሌላ ዓይን ያየዋል። እኔ በግሌ በዚህ ስብስብ ውስጥ ከሁሉ አስበልጬ የማደንቃቸው እነዚህን ነው፤ የፊታቸው ቅርጽ ጥርት ያለ፣ አገጫቸው ወደ ፊት የወጣ፣ አቋማቸው ምንም የማይገፋው ዓይነት ነው።

የሉባ ሕዝብ ሥራዎች ደግሞ የቤተ መንግሥት ጥበብ ናቸው። ሴት በራሷና በእጆቿ የምትሸከመው የንጉሥ ዙፋን፣ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ የተቀመጠች ሴት፣ የተቀረጸ በትር። በሉባ እምነት የንጉሡ መንፈስ የሚያድረው በሴት አካል ስለሆነ፣ የሥልጣን ዕቃዎቹ በሴት ምስል መሞላታቸው የዘፈቀደ አይደለም። ከእነዚህ መካከል የቡሊ ሊቅ በሚባለው ቀራጭ የተሠራችውን ሳህን የያዘች ሴት ሳያይ የሚመለስ ሰው የስብስቡን አንዱን ታላቅ ሥራ አልፎታል ማለት ነው። ረዘም ብሎ የከሳ ፊት፣ ያበጠ የዓይን ቆብ፣ ትልልቅ እጆች፣ የደከመች አሮጊት ክብር አላት። እንዲህ ዓይነት ሳህን ነጭ ሸክላ የሚቀመጥበት፣ አዋቂዎች ለጥንቆላ የሚገለገሉበት ዕቃ ነው። ቀራጩን በእጁ ሥራ ለይቶ ያወጣው፣ በኋላ ራሱ የዚህ ሙዚየም ዳይሬክተር የሆነው ፍራንስ ኦልብሬክትስ ነው፤ ከዚያ በፊት የአፍሪካ ቀራጭ ስም የለሽ የጎሣ እጅ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ኋላ ይህን እጅ ንጎንጎ ያ ቺንቱ ከሚባል ቀራጭ ጋር አያይዘውታል። አንድን ሰው ከጎሣ ስም ጀርባ አውጥቶ በሥራው ማክበር ትልቅ ነገር ነው፤ ለቀሪዎቹም እንዲሁ እንዲደረግ እመኛለሁ።

የሄምባ ሕዝብ የአባቶች ምስሎችና የሌጋ ሕዝብ የቡዋሚ ማኅበር ትንንሽ ምስሎች ጊዜ ያለው ሰው ሊያያቸው የሚገቡ ናቸው። የጋቦኑን የፋንግና የኮታ ሕዝብ፣ የአባቶች አፅም ያለበትን ዕቃ የሚጠብቁ ምስሎች ፈልጎ ለሚሄድ ሰው ግን ፓሪስ ያለው የኬ ብራንሊ ሙዚየም ይሻለዋል።

አሁን ወደ ቤቱ ልመለስ። ሥፍራው የተጀመረው ኮንጎን በግሉ ይገዛ የነበረው የቤልጅየም ንጉሥ ሊዮፖልድ 2ኛ በ1897 ባዘጋጀው የቅኝ ግዛት ትርኢት ነው። በዚያ በጋ 267 ኮንጎአውያን መጥተው በፓርኩ ውስጥ በተሠራ ሐሰተኛ መንደር ለሕዝብ እንዲታዩ ተደረገ፤ ሰባቱ ሞቱ፤ መቃብራቸውም በቴርቩረን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አለ። የዛሬው ቤተ መንግሥት መሰል ሕንፃ በፈረንሳዊው አርክቴክት በሻርል ጂሮ ተሠርቶ በ1910 ተከፈተ። በ2013 መጨረሻ ለእድሳት ተዘግቶ በታኅሣሥ 2018 እንደገና ሲከፈት፣ በአርክቴክት ስቴፋን ቤል የተነደፈ የመስታወት መግቢያ ቤት ተጨመረለት፤ ጎብኚው ከዚያ ወርዶ በምድር ውስጥ በተሠራ ረጅም መተላለፊያ ወደ አሮጌው ሕንፃ ይገባል። በመተላለፊያው 22.5 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ታንኳ ተቀምጧል። ቀራጭ ከአንድ ዛፍ ምን ያህል ነገር ማውጣት እንደሚችል ለማሰብ ከዚያ የተሻለ መጀመሪያ የለም።

በአሮጌው ሕንፃ ክብ አዳራሽ ውስጥ፣ ቤልጅየም ለኮንጎ ሥልጣኔ ስታመጣ የሚያሳዩ በወርቅ ቀለም የተለበጡ ሐውልቶች አሁንም በግድግዳው ላይ አሉ። ሕንፃው በቅርስነት የተጠበቀ ስለሆነ ማንሣት አልተፈቀደም። ሙዚየሙ ያደረገው ነገር በዚያው አዳራሽ ውስጥ የኮንጎአዊውን ቀራጭ የኤሜ ምፓኔን ግዙፍ፣ ከእንጨት የተሠራ የአፍሪካዊ ራስ ማቆም ነው፤ ቆይቶም የዚያው ቀራጭ ሁለተኛ ሥራ፣ የአለቃ ሉሲንጋን የራስ ቅል የሚያሳይ (ታሪኩን ወደ ታች እመለስበታለሁ)፣ ተጨምሯል። ይህ መልስ ብልህ ነው። በሐውልት ለተዋረደ ሕዝብ በእንጨት መመለሱ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ሆኖም ወርቅ የተለበጡት ሐውልቶች ከላይ፣ መልሱ ከታች መሆኑ አዳራሹን እስከ ዛሬ ሚዛኑ የተዛባ ያደርገዋል። ከዚህ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት የመታሰቢያው መተላለፊያ ነው። በመጀመሪያዎቹ የቅኝ ግዛት ዓመታት ኮንጎ ውስጥ የሞቱ 1508 ቤልጅየማውያን ስም በግድግዳው ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ስለ ኮንጎአውያኑ ሙታን ግን አንዲት ቃል አልነበረም። ፍሬዲ ትሲምባ የተባለው የኪንሻሳ አርቲስት በቤልጅየም ምድር የሞቱ ኮንጎአውያንን ስም በመስኮቱ መስታወት ላይ ጻፈ፤ ፀሐይ ስትወጣ የስሞቹ ጥላ በቤልጅየማውያኑ ስም ላይ ያርፋል። ከተቻለ ብርሃን ባለበት ቀን ሂዱ የምለው ለዚህ ነው።

ሥርዓቶችና በዓላት የሚለው ክፍል የመጀመሪያውን ጥያቄዬን በደንብ ይመልሳል። የሰውን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት ተከትሎ ምስሎቹን በየሥራቸው ቦታ ያስቀምጣቸዋል፤ ኮንጎአውያን ራሳቸው በፊልም ቀርበው ስለ ሥርዓቱ ይናገራሉ። ምስሉ ከጭፈራ፣ ከመድኃኒትና ከመሐላ ጋር ሲታይ ብቻ ትርጉም ይሰጣል፤ ለጥበብ ተብሎ በነጭ ብርሃን ለብቻው ሲቆም ውበቱ ይጎላል እንጂ ሥራው ይሰወራል። ሁለቱንም አቀራረብ በአንድ ቀን ማነጻጸር ስለሚቻል፣ መጀመሪያ ይህን ክፍል አይቶ ከዚያ ወደ ታላላቅ ሥራዎቹ መሄድ ይሻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ምስሎቹ ከማን እጅ እንዴት ወጡ የሚለው፣ ከሙዚየሙ ግድግዳ አልፎ የቤልጅየም መንግሥት ጉዳይ ይሆናል። በስብስቡ ከታወቁት ምስሎች አንዱ፣ በ1878 የንግድ ወኪል የነበረው አሌክሳንድር ደልኮሙን በቦማ አካባቢ በአለቃ ኔ ኩኮ መንደር ላይ በተደረገ ወረራ የወሰደው ንኪሲ ነው። አለቃው ምስሉን በገንዘብ ሊገዛ ቢጠይቅም አልተመለሰለትም። ሌላው ደግሞ ከታንጋኒካ ሐይቅ ምዕራብ፣ የታብዋ አለቃ የሉሲንጋ የአባቶች ምስል ነው። በታኅሣሥ 1884 ሌተናንት ኤሚል ስቶርምስ ያዘዛቸው ሰዎች መንደሩን ወረሩ፤ ሉሲንጋ አንገቱ ተቆረጠ፤ ምስሉ ወደ ስቶርምስ ቤት፣ ከዚያም ወደ ሙዚየሙ መጣ። የራስ ቅሉ ዛሬ በብራስልስ የተፈጥሮ ሳይንስ ተቋም ይገኛል።

የዛየር፣ ማለትም የዛሬዋ ዴሞክራሲያዊት ሪፐብሊክ ኮንጎ ፕሬዚዳንት የነበረው ሞቡቱ በ1973 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት የአፍሪካ ቅርሶች እንዲመለሱ ጠይቆ፣ ከ1976 እስከ 1982 ባለው ጊዜ 114 ዕቃዎች ከቴርቩረን ወደ ኪንሻሳ ተላኩ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1990ዎቹ ሁከት ተዘርፈዋል። ይህ ዝርፊያ ላለመመለስ እንደ ሰበብ ሲቀርብ መስማት ያሳዝናል፤ በ2019 ኪንሻሳ ውስጥ አዲስ ብሔራዊ ሙዚየም ተከፍቷልና። በሰኔ 2022 የቤልጅየም ንጉሥ ፊሊፕ የሱኩ ሕዝብን የካኩንጉ ጭንብል ለዚያ ሙዚየም ሲያስረክብ፣ የተሰጠው ገደብ በሌለው ውሰት ነበር። በዚያው ዓመት የቤልጅየም ፓርላማ ያጸደቀው ሕግ በቅኝ ግዛት ዘመን ያላግባብ የተወሰዱ ዕቃዎች እንዲመለሱ በር ከፍቷል፤ ነገር ግን ለኮንጎ የሚመለከተው ዘመን ከ1885 ይጀምራል። የኔ ኩኮ ምስል በ1878፣ የሉሲንጋ ምስል በ1884 ተወስደዋል። እጅግ ግልጽ በሆነ ወረራ የመጡት ሁለቱ ምስሎች በጥቂት ዓመታት ልዩነት ከሕጉ ውጭ መሆናቸው ሊታረም የሚገባው ነው፤ የመቅደላን ታቦታት ጉዳይ የሚያውቅ አንባቢም ይህን በሕግ ቃል የሚገነባ ግድግዳ ለመረዳት ሰፊ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሙዚየሙ ወጥተው በብራስልስ የሳብሎን ሠፈር ያሉ የጥንታዊ ዕቃ ሱቆችን ለመጎብኘት ለሚያስቡ አንድ ቃል ልጨምር። ለአውሮፓውያን ለመሸጥ ብቻ የሚቀረጹ ምስሎች ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ነበሩ፤ ዛሬም ሚስማር የበዛበት ሁሉ መሐላ የጸናበት አይደለም። ብረቱ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ዝገቱ ሁሉ እኩል፣ በክር የታሰረ ነገር የሌለበት ከሆነ ተጠራጠሩ። ማን፣ መቼ፣ ከየት እንዳመጣው የሚያሳይ ወረቀት የሌለውን ዕቃ ዋጋው ቢወደድም ቢረክስም መግዛት አይገባም።

ለመድረስ በብራስልስ ምድር ባቡር መስመር 1 ሞንጎመሪ ወርዶ የ44 ቁጥር ትራምን እስከ መጨረሻው ፌርማታ መያዝ ነው፤ ትራሙ በደን መካከል ስለሚያልፍ ጉዞው ራሱ ደስ ይላል፤ ከፌርማታው እስከ ሙዚየሙ የጥቂት ደቂቃ እግር መንገድ ነው። ሰኞ ዝግ ነው። ጽሑፎቹ በፍላማንኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ስለሆኑ፣ ከእነዚህ አንዱን የማያነቡ ወላጆችን ይዛችሁ ከሄዳችሁ የንኮንዲውንና የሶንግዬውን ታሪክ አስቀድማችሁ አጫውቷቸው። ልጆች ለያዘ ሰው በቂ ቦታ፣ ፓርክና ማረፊያ አለው። በአንድ ጉብኝት ሁሉንም ለማዳረስ አትሞክሩ፤ በእንጨት ምስሎቹ ላይ ብቻ ግማሽ ቀን ማሳለፍ ይበቃል፤ የእንስሳቱንና የማዕድኑን ክፍል ለሌላ ጊዜ አቆዩት።